በባሌ ደጋ ያየነው ክምር

መንገደኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አየህ?» ብሎ ነው። እኛም ከባሌ በተመለስን ጊዜ ወዳጆቻችን እንደዚሁ ጠየቁን። የጠበቁትም ስለ ሳነቴ አምባና ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ሐረና ጫካና ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ እንድንነግራቸው ነበር። እኛ ግን «የገብስ ክምር አየን» ብለን ብንመልስላቸው ሳቁብን። «ክምር ለማየት ባሌ ድረስ ምን አደከማችሁ? ክምርማ በጎጃምም በሸዋም ሞልቶ የለምን?» አሉን። ነገሩ እውነት ነው፤ እኛም ክምር እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረውን ነገር በአንዲት ቀን ብቻ የሚያስተውልበት ጊዜ አለና፣ በባሌ ደጋ በአንዲት እሑድ ያየነውን፣ ስሕተታችንንም ሳንሸሽግ፣ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በ2011 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ትምህርት ቤታችን ለክረምት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በሻሸመኔ በኩል ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን እያለፍን ወደ ሮቤ ተጓዝን። መንገዱ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ያስተማርነው አንድ ወጣት በዚያ አገር መምህር ሆኖ ስለ ነበር «መጥተው አባቴን ይወቁልኝ» እያለ ብዙ ጊዜ ለምኖን ነበርና፣ ልመናውን ለመፈጸም ነው የሄድነው። ዲንሾ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘኖች በጭጋግ ውስጥ ቆመው አየን። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኝም። እነዚህን አራዊት ለመጠበቅ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

ከዲንሾ ወደ ሮቤ ሲወርዱ አገሩ መልኩን ይለውጣል። ተራራው ወደ ቀኝ ይቀርና በፊት ለፊት ሰፊ የገብስና የስንዴ ሜዳ ይዘረጋል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ የዞኑ ዋና ከተማና የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ጎባ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ተራራው የተጠጋች፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ባሌ ክፍለ ሀገር በነበረበት ዘመን ዋና ከተማው እርስዋ ነበረች። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል፤ በዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል፤ ከእርሱ ወዲያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል።

በሮቤና በጎባ መካከል ባለችው በወዳጃችን መንደር አጠገብ በእግር ስንሄድ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አገኘነውና አንድ ገበሬ «ይህ መቼ ይታጨዳል?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም «በገና» አለን። እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን መስሎን እጅግ ተደነቅን፤ የደረሰ ገብስ ከሐምሌ እስከ ልደት እንዴት ሊቆይ ይችላል? ወዳጃችን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቆይቶ ነገሩን ገለጠልን። «ገና» በኦሮምኛ ክረምት ማለት ነው፤ «ቦና» ደግሞ በጋ። የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ሁለቱንም መከር የሚጠራቸው በሚታጨዱበት ወራት ስም ነው። በመጋቢት ግድም በበልግ ዝናብ የሚዘራው በሐምሌና በነሐሴ ይታጨዳልና የገና መከር ይባላል። በሐምሌና በነሐሴ የሚዘራው ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳልና የቦና መከር ይባላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በብዙው የአገራችን ክፍል ገበሬ የሚያጭደው ሰማዩ ሲጠራ፣ ፀሐይ ሲበረታ ነው። ማጭዱን አንሥቶ ወደ እርሻው ሲወርድ ስለ ዝናብ እምብዛም አይጨነቅም። የባሌ ደጋ ገበሬ ግን አንደኛውን መከሩን የሚሰበስበው ክረምቱ በገባበት ሰዓት ነው። ዝናብ በኦሮምኛ «ሮባ» ይባላል፤ ያን ቃል በሐምሌ ወር በባሌ ሜዳ ላይ ያልሰማንበት ቀን የለም። ጧት ፀሐይ ወጥታ፣ በስድስት ሰዓት ደመና ከሳነቴ ወርዶ፣ በስምንት ሰዓት ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ አገር ክምር መሥራት ከባድ የቤት ጉዳይ ነው፤ ክምሩ ከተበላሸ እህሉም፣ ዘሩም፣ የበሬውም መኖ አብሮ ይበላሻልና።

የወዳጃችን አባት ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ የሆነ፣ ቁመታቸው ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ጭኮ በቅቤ አቅርበው ካበሉን በኋላ ወደ ጓሯቸው ወስደው ሥራቸውን አሳዩን። «መምህር፣ እርስዎ ልጆችን ያስተምራሉ፤ እኔ ደግሞ ነዶን አስተምራለሁ» አሉ እየሳቁ። አስቀድመው ለክምሩ መደብ ድንጋይ ይደረድራሉ፤ በድንጋዩ ላይ የአስታና የአምጃ ቅርንጫፍ ያነጥፋሉ፤ ይህም የመሬቱ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣና ከሥር ነፋስ እንዲያልፍ ነው። ቀጥሎ ነዶውን በክብ ይደረድሩታል፤ የዛላው ራስ ወደ ውስጥ፣ የአገዳው እግር ወደ ውጭ ሆኖ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥበብ በዚህ ላይ ነው፤ መካከሉ ምን ጊዜም ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ነዶ ከራሱ ወደ እግሩ ያዘቀዝቃል፤ የወረደበትንም ውኃ በአገዳው እግር በኩል ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ከወገቡ በላይ ክምሩ እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በረዥም ሣር ይከደንና ጫፉ ይታሰራል። ያን ጫፍ ሽማግሌው «ጉልላት» ብለው ጠሩት።

ይህን በሰማን ጊዜ ልባችን ወደ ልጅነታችን ሄደ። በዲቁና ትምህርት ያደግንባት ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበረች፤ ቅኔ ማኅሌቱ ከውጭ፣ ቅድስቱ በመካከል፣ መቅደሱ በውስጥ፣ ጉልላቱም በላይ። የከበረው ነገር በውስጥ ተሰውሮ ይኖራል፤ ነፋሱንና ዝናቡን የሚቀበለው የውጩ ዙሪያ ነው። ክምሩም እንደዚሁ ነው። ሽማግሌው ምስማር አልመቱም፤ ግድግዳ አላቆሙም፤ ቆርቆሮም አልገዙም። የሚጠበቀው እህል ራሱ ለራሱ ግድግዳና ጣሪያ ሆነለት። በኦሮምኛ ክምር «ቱላ»፣ ኮረብታ «ቱሉ» ይባላል፤ በእውነትም ማታ በጭጋግ ውስጥ የመንደሩን ክምሮች ሲያዩአቸው ትናንሽ ኮረብቶች ይመስላሉ።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመጣለን። ከሽማግሌው ቤት አጠገብ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ይኖራሉ። ገብሳቸው ረቡዕ ታጭዶ በነዶ ተቀምጦ ነበር፤ ሐሙስ ሌሊት ዝናብ መታው። ዓርብ ጧት ሽማግሌው ለጉዳይ ወደ ጎባ ሄደው ሳሉ፣ ሴትዮዋ ደመናውን አይተው ተጨነቁና ወደ እኛ መጡ። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ነዶውን ዛሬ እንክመረው ወይስ እንተወው?» ብለው ጠየቁን። ስለ እርሻ በመጽሐፍ ያነበብነው ትዝ አለን፤ ከአንድ ቀን በፊትም የክምር ጥበብ ሁሉ የገባን መስሎን ነበር። «ዝናቡ ሳይመጣ ፈጥነው ይከምሩት፤ ክምር ከዝናብ ያድናል» አልናቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆነው ታናሽ ልጃቸው እጁን በነዶው ማሰሪያ ሥር አግብቶ «እማዬ፣ ውስጡ እርጥብ ነው» አለ። እኛም «ልጅ ሆይ፣ ታላላቆች ሲነጋገሩ ዝም ይባላል» ብለን መለስነው። ልጁ ዝም አለ። ነዶውም በፍጥነት ተከመረ፤ እኛም እጃችንን ጠቅልለን ከመከመሩ ሥራ ገባን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መልካም ሥራ የሠራን መስሎን ደስ አለን።

ቅዳሜም ዘነበ። እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ወደ መንደሩ ስንመለስ ያ ልጅ እየሮጠ መጣብን። በብርዱ አየር ውስጥ ከእናቱ ክምር አናት ላይ ነጭ እንፋሎት እንደ ምድጃ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ክምሩ አስገቡና ወዲያው አወጡት፤ ለእኛም ምልክት ሰጡን። እኛም እጃችንን ብናስገባ ውስጡ እንደ ትኩስ አመድ ሆኖ አገኘነው። ሽታው የብቅል ሽታ ነበር። ብቅል ለጠላ መልካም ነው፤ ለዘር ግን ሞት ነው። እርጥብ እህልና እርጥብ ሣር ከተቈረጠም በኋላ መተንፈሱን አያቆምም፤ በውስጡ ያሉ በዐይን የማይታዩ ሕያዋንም ይበዙና ሙቀት ያወጣሉ፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እህሉን ያበቅለዋል፣ ገለባውን ያሻግተዋል፤ እጅግ ሲበዛም ክምሩን ያለ እሳት ጫሪ ሊያቃጥለው ይችላል። ሽማግሌው ወደ እኛ ዘወር ብለው «መምህር፣ ዝናብ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥም ይመጣል» አሉን። ከዚህ በቀር ሌላ ወቀሳ አልተናገሩንም።

ሴትዮዋ ግን እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ክምሩ ካልፈረሰ ይጠፋል፤ ቀኑ ደግሞ ሰንበት ነው። «እስከ ነገ ይታገሠኝ ይሆን?» እያሉ አንድ ጊዜ ክምሩን፣ አንድ ጊዜ የሰፈሩን ቄስ ያዩ ነበር። እኛም በዲቁና የተማርን ነንና ምን እንደሚባል እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ጥፋት ያመጣን እኛ ስለ ሆንን አፋችንን ለመክፈት አፈርን። አባ ቄሱ ጥቂት ዝም አሉና፣ ጌታችን በሰንበት ቀን ጕድጓድ ውስጥ ስለ ወደቀ በሬ የጠየቀውን አስታወሱን። ከዚያ በኋላ «የዚህች እናት ክምር ጕድጓድ የወደቀ በሬ ነው፤ ይውጣ» ብለው መቋሚያቸውን በአጥሩ ላይ አስደግፈው የመጀመሪያውን ነዶ በገዛ እጃቸው አወረዱ።

እነሆ፣ እኛ ስለ ሰንበት ስንነጋገር ጎረቤታቸው ሐጂ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መንሽ ይዘው ደርሰው ነበር። ማንም አልጠራቸውም፤ እንፋሎቱን ከደጃቸው ሆነው አይተው ነው የመጡት። ደቦ በአማርኛም በኦሮምኛም ደቦ ነው፤ ቃሉን ማስተርጐም አያስፈልግም። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። ክምሩ ፈረሰ። ነገር ግን ሌላ ችግር ገጠመን፤ ምድሩ ጭቃ ነው፤ ነዶውን የት እናስጣው?

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ረዣዥም የባሕር ዛፍ አጠናዎች አስመጡ። በግቢው ካሉት ከሁለቱ ጽዶች ግንድ ላይ፣ በመካከልም ካለው የአጥር ቋሚ ጋር፣ አጠናዎቹን አግድም አንዱን ከአንዱ በላይ አድርገው በገመድ አሳሰሩ። ከዚያም እያንዳንዱ ነዶ ተከፍሎ በአጠናው ላይ እንደ ልብስ ተሰጣ። ቦታ ሲያንስ በአጥሩ፣ በድንጋይ ካቡ፣ በጋሪውም ላይ ተሰጣ። ከጽዶቹ ቅርንጫፍ በታች አንድ አሮጌ ሸራ ተወጠረበት። ከተራራው የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ በነዶዎቹ መካከል ያልፍ ጀመር። ማታ ካፊያ ቢወርድም ሸራው ሥር ያለውን አልነካውም። ሰኞና ማክሰኞ ነፋሱ ሥራውን ሠራ። በመጨረሻ ሲታይ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ያህል ዳነ። የቀረው፣ በክምሩ እምብርት የነበረው፣ በቅሎ ነበርና ለዘር የማይሆን ሆነ፤ በዛላ የከበረው መካከሉ ነበርና ጉዳቱ የደረሰው በምርጡ ላይ ነው።

ሰኞ ማታ ያ ወዳጃችን በስልኩ አንድ ሥዕል አሳየን። «የኔታ፣ ይህን ይመልከቱ፤ ትናንት የሠራነው በሌላ አገር ስም አለው» አለን። ሥዕሉ በአልፕስ ተራሮች ጥግ ካለችው ከስሎቬንያ የመጣ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች ሣራቸውንና ነዷቸውን የሚያደርቁበት የእንጨት መስቀያ አላቸው፤ በቋንቋቸው «ኮዞሌጽ» ይሉታል። አሠራሩን በእኛ አነጋገር ብንገልጠው ምሰሶና ማገር ያለው፣ ነገር ግን ያልተመረገ ቤት ነው። ምሰሶዎቹ በመስመር ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ማገሮቹ ከታች እስከ ላይ አግድም ይጋደማሉ፤ በላዩ ጠባብ ጣሪያ ይደፋበታል። ሣሩ በማገሮቹ ላይ ሲሰቀል ጣሪያው ዝናቡን ይከለክልለታል፤ ነፋሱም በሁለት ወገን ያልፍበታል። ሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ትልቅ ጣሪያ ሲከደኑ ደግሞ «ቶፕላር» ይባላል፤ በመካከሉ ጋሪ ይቆምበታል፤ ከጣሪያው በታችም ድርቆሹ የሚከማችበት ቆጥ አለው።

ስሎቬንያ ዝናብ የበዛባት ትንሽ አገር ናት፤ ስፋቷ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ችግሩ የባሌ ችግር ነው፤ ሣር የሚታጨደው ዝናብ ባለበት ወራት ነው። ቫልቫሶር የተባለው የአገሩ ጸሐፊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1689 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ መስቀያ ጽፏል፤ አንቶን ሜሊክ የተባለው ሊቅ ደግሞ በ1931 አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቶለታል። ዛሬ መኖው በመኪና ስለሚታሰርና እርጥቡንም በላስቲክ ጠቅልሎ ማቆየት ስለ ተቻለ ብዙዎቹ ባዶአቸውን ቀርተዋል። ነገር ግን ሕዝቡ የአባቶቹን ሥራ እንዲፈርስ ዝም ብሎ አልተወም፤ በሸንትሩፐርት በ2013 ልዩ ልዩ ዐይነት መስቀያዎችን ሰብስቦ ለማሳያ አቁሟቸዋል። የእህልና የሣር መስቀያ በዚያ አገር እንደ ቤተ መንግሥትና እንደ ሐውልት ይጐበኛል።

እኛም በዚህ ነገር እጅግ ተደስተን «አባቴ፣ እንዲህ ያለውን በየግቢው ብናቆም አይሻልምን?» ብለን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው። እርሳቸው ሥዕሉን አቅርበው ተመለከቱና «ውብ ነው» አሉ። ቀጥለውም «እንጨቱስ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁን። ጽዱ ጥቂት ቀርቷል፤ ኮሶውም እንዲሁ፤ ጫካው የአራዊቱ ቤትና የውኃው ምንጭ ነው። ለአንድ የእርሻ ጋሻ እህል የሚበቃ መስቀያ ስንት ምሰሶ ይፈልጋል? ክምር ግን ስንቱንም እህል ያለ አንድ እንጨት ይይዛል። «አባቶቻችን መስቀያ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ እንጨቱን ለበሬ ቀንበርና ለቤት ምሰሶ ስለ ቆጠቡት ነው» አሉን። እኛም በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ትምህርት ተማርን። የስሎቬንያው ገበሬ ደን በበዛበት አገር ከእንጨት ሠራ፤ የባሌው ገበሬ አገዳ በበዛበት ሜዳ ከአገዳ ሠራ። ሁለቱም የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ እህሉን ከመሬት አንሥተው፣ ውኃውን ወደ ውጭ መልሰው፣ ነፋሱን አስገቡ።

ይህን ካወቅን በኋላ በሄድንበት ሁሉ ያው ጥበብ ይታየን ጀመር። ጎተራው በድንጋይ ላይ ቆሞ ሆዱ በጭቃና በእበት ተለስኗል፤ ራሱም የሣር ባርኔጣ ደፍቷል። በሐረና ጫካ የተለቀመው ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ ይሰጣል። የንብ ቀፎው በረዣዥም ዛፎች ላይ ይሰቀላል። በየቤቱም ዶሮዋ የምታድርበት፣ ዘር የሚንጠለጠልበት ቆጥ አለ። ሕፃን በነበርንበት ጊዜ እናቶቻችን የወደቀ እንጀራ ስንረግጥ የሚቈጡን በከንቱ አልነበረም፤ እህል ከመሬት ከፍ ብሎ እንዲኖር የሚገባው ነገር ነው።

ሴትዮዋን ይቅርታ ሳንጠይቅ ወደ ቤታችን መመለስ አልሆነልንም። ሰኞ ጧት ከሮቤ ገበያ የዘር ገብስ ገዝተን ወሰድንላቸውና «ይህን ጥፋት ያመጣነው እኛ ነን» አልናቸው። እርሳቸውም እህሉን ተቀበሉ። «መምህር፣ ዝናቡን እርስዎ አላዘነቡትም፤ ልጄን ግን ቢሰሙት ኖሮ መልካም ነበር» አሉን። ይህን ቃል በትሕትና ተናገሩት፤ እኛ ግን ከብዙ ወቀሳ ይልቅ ከበደን። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን ስናስተምር ስንቱን «ዝም በል» ብለነው ይሆን? ያ ልጅ ነዶው እርጥብ መሆኑን ያወቀው በእጁ ነው። ኋላም አገዳውን ሰብሮ እንዴት እንደሚታወቅ አሳየን፤ የደረቀው «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። እኛ በመጽሐፍ ያነበብነው፣ ድርቆሽ ሲከመር እርጥበቱ ከመቶ 15 እጅ ግድም መሆን ይገባዋል የሚለው ነገር፣ በዚያ ልጅ ጣቶች ውስጥ ነበረ።

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ እንደ ገና ወደዚያች መንደር ሄድን። ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ክምር ለመሥራት ወደ ላይ መውጣት አቅቷቸው ከታች ሆነው በበትራቸው እያመለከቱ ያዝዙ ነበር። በሜዳው ላይ ያለው ስንዴ ብዙው በኮምባይነር ይታጨዳል። ኮምባይነር መልካም ነገር ነው፤ ሃያ ሰው በሳምንት የሚሠራውን ጥቂት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሳል፤ ሰማዩ ለአንድ ቀን ሲጠራ በዚያች ቀን ብዙ እህል ከዝናብ ያድናል። ነገር ግን ወደ ገደላገደሉና ወደ ትናንሽ ማሳዎች አይገባም፤ ገለባውንም በትኖት ያልፋል። ገለባው የበሬው ምግብ ነው፤ ለቤቱም ልስን ጭድ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ከመኪናው ኋላ እየተከተለ ይሰበስበዋል። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ ያለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የተቋቋመው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል ስለ ስንዴና ስለ ገብስ ዘር ብዙ ሥራ ይሠራል። የተሻለ ዘር ግን በመልካም ክምርና በመልካም ጎተራ ካልተጠበቀ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ወደ ሴትዮዋ ግቢ ስንገባ አንድ አዲስ ነገር አየን። በቤቱ ጎን፣ በራሳቸው ከተከሉት ባሕር ዛፍ የተቈረጡ ስድስት ምሰሶዎች በመስመር ቆመዋል፤ በመካከላቸው ማገሮች አግድም ተጋድመዋል፤ በላዩም ከአሮጌ ቤት የተነሣ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል። ርዝመቱ ስምንት ክንድ ያህል ነው። ያ ልጅ አድጎ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ነበርና የሠራው እርሱ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ምሰሶው እንዳይበሰብስ እግሩን በእሳት ለብለብ አድርገው በድንጋይ እንዲያስይዙት አስተምረውታል። መከሩን ሁሉ አይሰቅሉበትም፤ አይችለውምና። የሚሰቅሉበት ለዘር የተመረጠውን ነዶና ለጥጃዋ የሚሆነውን ሣር ብቻ ነው። የቀረው እህል እንደ ጥንቱ በክምር ይኖራል። ሽማግሌውም ይህን ሥራ አይተው «እንጨቱ ከተተከለ ዛፍ ከሆነ፣ ክምሩም ካልተረሳ፣ እኔ ምን ከፋኝ?» አሉ።

እኛም ወደ መስቀያው ቀርበን አንድ አገዳ መዘዝንና ለልጁ ሰጠነው። «ደርቋል ወይስ አልደረቀም? አንተ ንገረን» አልነው። እርሱም ሰብሮ ሰማው፤ ፈገግ ብሎም «አንድ ቀን ይቀረዋል፣ መምህር» አለን። እኛም አንድ ቀን ጠበቅን።

አንባቢያን ሆይ፤ በየቤታችሁ ከአባቶቻችሁ የተቀበላችሁት ጥበብ አለ። ምናልባት የጎተራ አለሳሰን ይሆናል፤ ምናልባትም የእንጀራ ምጣድ አሟሽ ወይም የጠላ ጋን አጠባበቅ ይሆናል። ያን ጥበብ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ልጆቻችሁ አጠገባቸው ቆመው እንዲያዩና በእጃቸው እንዲዳስሱ አድርጉ። ልጅም እጁን አስገብቶ «ውስጡ እርጥብ ነው» ሲላችሁ፣ ቸኩላችሁ ዝም አታሰኙት። እግዚአብሔር የገናውንም የቦናውንም መከር ይባርክ፤ የመበለቶችንም ጎተራ ይሙላ።